የመሥሪያ ቤት ጂፕ

በወላይታ፣ በዴሳ ላይ ተቀምጦ የአሜሪካ መኪና ታሪክ ለመጻፍ የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚቸግረው ባለቤት መፈለግ ነው። ከሶዶ ወደ ምሥራቅ ተነሥቶ ወደ ዲምቱና ወደ ብላቴ ቆላ በሚወርደው መንገድ ላይ፣ አይሱዙ ገዝቼ ልጆቼን አስተማርኩበት የሚል ነጋዴ አይጠፋም። ባጃጁን በዕቁብ ያወጣ ወጣት ሞልቷል። ድሮ ላንድሮቨር ነበረን የሚል ቤተሰብም አለ። ፎርድ ነበረኝ፣ ሸቭሮሌ ነበረኝ የሚል ግን ቢፈለግም አይገኝም። ስሙ የሚነሣው የአሜሪካ መኪና ጂፕ ነው፤ ጂፕ ደግሞ የግለሰብ ሆኖ አልመጣም። የጦሩ ነበር፣ የወባ ዘመቻው ነበር፣ የፕሮጀክቱ ነበር። ሾፌር ነበረው፤ ባለቤቱ ግን መሥሪያ ቤት ነው።

የጂፕን ታሪክ በወላይታ በኩል ላየው ስሞክር ዞሮ ዞሮ የምደርስበት ነገር አንድ ነው፤ እዚህ መንገድ ላይ የትኛው መኪና እንደሚሄድ የወሰነው ገንዘቡ የመጣበት አገር ነው። ጭቃውማ ቢጠየቅ ለሁሉም እኩል ነበር።

ጂፕ የተወለደው በጥድፊያ ነው። በ1940 ክረምት (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዘመኑ የፈረንጅ ነው) ፈረንሳይ በጀርመን እጅ በወደቀች ሰሞን፣ የአሜሪካ ጦር ለ135 አምራቾች ጥሪ ላከ። የተፈለገው ቀላል፣ አጭር፣ አራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና ሲሆን ናሙናው በ49 ቀን መድረስ ነበረበት። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ቀኑን ዐይተው ዝም አሉ። ከምር የመለሱት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ በኦሃዮ ቶሊዶ ከተማ የነበረው ዊሊስ ኦቨርላንድ እና በፔንሲልቫኒያ በትለር የነበረው፣ ኪሳራ አፋፍ ላይ የቆመው አሜሪካን ባንታም። ባንታም ካርል ፕሮብስት የሚባል መሐንዲስ ከውጭ አስመጥቶ ንድፉን በጥቂት ቀን አስወጣ፤ መስከረም 23 ቀን 1940 መኪናዋን ነድቶ ሜሪላንድ ለሚገኘው የካምፕ ሆላበርድ መፈተኛ አስረከበ።

ከዚያ በኋላ የሆነው የሚያስቆጭ ነው። ጦሩ ባንታም በብዛት ለማምረት አቅም የለውም ብሎ ንድፉን ለዊሊስና ለፎርድ ገልጦ አሳየ። በ1941 ትልቁ ውል ለዊሊስ ሆነ፤ ፎርድም የዊሊስን ንድፍ እየተከተለ እንዲያመርት ተደረገ። ሁለቱ ጦርነቱ እስኪያልቅ ከ600 ሺህ በላይ ሲሠሩ፣ ሐሳቡን ያመነጨው ባንታም 3 ሺህ እንኳን ሳይሞላለት ወደ ተጎታች ጋሪ ሥራ ተገፋ። በ1948 የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ዊሊስ ጂፕን የፈጠርኩት እኔ ነኝ እያለ እንዳያስተዋውቅ ከልክሎታል። ይሁን እንጂ በ1950 ስሙን በሕግ ያስመዘገበው ያው ዊሊስ ነው። ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚለየው የፊቱ ፍርግርግ እንኳን በአንድ ቆርቆሮ ላይ ተመትቶ እንዲወጣ ያደረገው ፎርድ ነው። አንዱ አሰበ፣ ሌላው መልክ ሰጠ፣ ሦስተኛው ስሙን ወሰደ።

መኪናዋን ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ግን የባለቤትነቱን ክርክር ይረሳዋል። በር የላትም፤ በበር ፈንታ ሰው እንዳይወድቅ የሚያግድ ጠፍር አላት። የቤንዚን ቋቷ ከሾፌሩ መቀመጫ ሥር ስለሆነ ነዳጅ ለመሙላት ሾፌሩ ተነሥቶ መቀመጫውን ማንሣት አለበት። የፊት መስታወቷ ታጥፎ ኮፈኑ ላይ ይተኛል። ከሁሉ የሚገርሙት ግን መብራቶቿ ናቸው። መብራቶቹ በማጠፊያ ላይ የተሰቀሉ ስለሆኑ፣ ማታ መንገድ ላይ የቆመ ሾፌር አንድ ብሎን አላልቶ ወደ ኋላ ሲገለብጣቸው ሞተሩን ያበሩለታል። ባትሪ መብራት የሚይዝ ረዳት አያስፈልገውም። በግራ ጎኗ አካፋና መጥረቢያ ታስረዋል። ሞተሯ 2.2 ሊትር፣ ጉልበቷ 60 የፈረስ ጉልበት፣ ክብደቷ ከአንድ ቶን ትንሽ የሚበልጥ ነው፤ ገደል አፍ ላይ ብትቀረቀር ጥቂት ወንዶች ተረባርበው የሚያወጧት ዓይነት። ካርቡራቶሯን ለመፍታት አንድ ካቻቢቴና ሁለት መፍቻ ይበቃል። በኮምፒውተር የሚመረመር መኪና ያለው የዘንድሮ ሰው ይህን ሲሰማ ቢቀና አልፈርድበትም።

ወደ ኢትዮጵያ የአሜሪካ የጦር መኪና የመጣበትን በር ለማግኘት የካቲት 13 ቀን 1945ን ማየት ጥሩ ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ከያልታ ጉባኤ ሲመለሱ በስዊዝ ቦይ ታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ፣ ኩዊንሲ በተባለች መርከብ ውስጥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ተቀበሉ። ፕሬዚዳንቱ ለንጉሠ ነገሥቱ ያበረከቱት ስጦታ አራት የጦር አዛዥ የመስክ መኪኖች ነበር። ለአንድ ንጉሥ የሚሰጥ ስጦታ ከጦር ሠራዊት መጋዘን መውጣቱ ለቀጣዩ 30 ዓመት ግንኙነት ጥሩ ምልክት ነው፤ አሜሪካ ለኢትዮጵያ የሰጠችው መኪና ከሞላ ጎደል ከመንግሥት ወደ መንግሥት የሚተላለፍ ሆኖ ቀረ።

ከስድስት ዓመት በኋላ የኢትዮጵያ ወታደር ራሱ ወደ መኪናው ሄደ። በግንቦት 1951 ፑሳን ወደብ ላይ የወረደው የቃኘው ሻለቃ በአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ሥር ተመድቦ የኮሪያን ተራራ በአሜሪካ ትጥቅና በአሜሪካ ተሽከርካሪ ተዋጋ። ግንቦት 22 ቀን 1953 ደግሞ ሁለት ስምምነቶች ተፈረሙ፤ አንዱ አሜሪካ አሥመራ ያለውን የቃኘው ጣቢያ እንድትጠቀም፣ ሌላው ለኢትዮጵያ ጦር ትጥቅና ሥልጠና እንድትሰጥ። ከዚያ ወዲያ በጦር ሰፈሮች ጂፕ መንዳት የተማረ፣ ጂፕ መፍታትና መግጠም የተማረ ትውልድ ወጣ። ከጦሩ ሲሰናበት ሙያውን ይዞ ወደ ክፍለ ሀገር ጋራዥ ገባ። በኔ ግምት ለአገራችን የመኪና ሙያ ጂፕ ያደረገው ትልቁ ውለታ ይህ ነው፤ ብረቱ ዝጎ አልቋል፣ እጁ ግን ቀርቷል።

ወላይታ ለመኪና ቀላል አገር አልነበረችም። በ1928 የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሰዎች ከሐኪሙ ቶማስ ላምቢ ጋር ሶዶ ሲመጡ የመጡት በበቅሎ ነው። ከዳሞታ ተራራ ሥር እስከ ብላቴ ወንዝ ያለው ቀይ አፈር በበጋ ዱቄት፣ በክረምት ሳሙና ይሆናል። እንሰቱና ስኳር ድንቹ የሚወደው አፈር ጎማ የሚጠላው ነው። ደጋው ላይ መንሸራተት፣ ቆላው ላይ መስመጥ፤ ሾፌር ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አይችልም፣ በአንድ ቀን ሁለቱንም ያገኛል። ያን ጊዜ አራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና ቅንጦት አልነበረም። ክረምት ሲገባ ያለ እሱ የሚደረስበት ቀበሌ ጥቂት ነው።

ወደ ቆላው የሚወስድ ጉዳይ ደግሞ ነበር፤ ወባ። የወባ ማጥፊያ ድርጅት በ1959 በአሜሪካ መንግሥትና በዓለም ጤና ድርጅት ድጋፍ ሲቋቋም፣ ሥራው የርጭት ቡድኖችን ከዲዲቲ በርሜል ጋር ቤት ለቤት ማድረስ ነበር። እንደ ብላቴና ዓባያ ዳርቻ ያለ ቆላ ዋና ዒላማው ነው። ለዚህ መኪና ያስፈልጋል፤ መኪናው ምን ይሁን የሚለውን ግን ዋሽንግተን የወጣ ሕግ መልሶታል። የ1961ዱ የአሜሪካ የውጭ ዕርዳታ ሕግ በዕርዳታው ገንዘብ የሚገዛ ተሽከርካሪ አሜሪካ የተሠራ እንዲሆን ያዝዛል፤ በልዩ ፈቃድ ካልሆነ በቀር ሌላ አይገዛም። የአሜሪካ ገንዘብ የገባበት ፕሮጀክት ሁሉ የአሜሪካ መኪና ያቆመው በዚህ ምክንያት ነው። ከዲትሮይትና ከቶሊዶ የተነሣ መኪና ከወላይታ ጎጆ በር ላይ የደረሰው ማንም መርጦት አይደለም።

ሕጉ የረሳው ነገር ቢኖር መለዋወጫ ነው። መኪናው በዕርዳታ ይመጣል፣ ችንጋው ሲበጠስ ግን ዕርዳታ የለም። አዲስ አበባ ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ ታዝዞ፣ በመርከብ መጥቶ፣ ከጉምሩክ ወጥቶ እስኪደርስ ጂፑ ዛፍ ሥር ቆሞ ዶሮ ይፈለፈልበታል። የመንግሥት መኪና የነዳ አንድ ሰው ሳያማርር የማያልፈው ነገር ቢኖር ይኼ ነው። ሌላው ቤንዚን ነው። ጂፕ ቤንዚን ይጠጣል፤ አብልጦም ይጠጣል፤ ገጠር ውስጥ ደግሞ ቤንዚን ዛሬም በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጥ ዕቃ ነው። ናፍጣ ያለው ሰው ሩቅ ይሄዳል። ባለ ጂፕ ከኋላው የጫነውን ጀሪካን እየቆጠረ ነው የሚመለሰው።

በ1970 ወላይታ ላይ አዲስ ገንዘብ መጣ። በዓለም ባንክ ብድር የተቋቋመው የወላይታ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ሰው ሁሉ ዋዱ የሚለው፣ ማዳበሪያና የተሻሻለ የበቆሎ ዘር ይዞ ገበሬው ደጅ ደረሰ፤ በአበላና በበሌ ቆላዎችም መሬት ላጡ ደገኞች የሰፈራ መንደር ቆረቆረ። የባንኩ ገንዘብ ከአሜሪካ ሕግ ጋር አልታሰረም፤ ግዢው በዓለም አቀፍ ጨረታ ነው። ጂፕ የምርጫ ዕድል ባለበት ገበያ ውስጥ ከሌሎች ጋር ተሰለፈ። በገጠሩ ኢትዮጵያ ገበያውን ያሸነፈው ላንድሮቨር ነበር። ኋላው ላይ ሁለት አግዳሚ ተዘርግቶ ሰው ፊት ለፊት ተያይቶ ይቀመጣል፣ ጣሪያው ላይ ፍየልና ከረጢት ይጫናል፣ ረዳቱ በኋላ በር ተንጠልጥሎ ይሄዳል። አውቶቡስ የማይደፍረው መንገድ ሁሉ የእሱ ነበር። አካሉ አሉሚኒየም ስለሆነ አይዝግም፤ ሲጣመም ባትላሜራው በመዶሻ ይመልሰዋል። ባሌስትራው ሲሰበር አንጥረኛ ጋር ተኪዶ ይመለሳል።

እዚህ ላይ ግን ጂፕ ተሸነፈ ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ ያሸነፈው የገዛ ልጁ ነውና። በ1947 የሮቨር ኩባንያ የንድፍ ኃላፊ ሞሪስ ዊልክስ በዌልስ አንግልሲ ደሴት ባለው እርሻው የሚሠራበት መኪና ከጦርነት የተረፈ ዊሊስ ጂፕ ነበር። ሲያረጅብኝ በምን እተካዋለሁ ሲል ራሱ ለመሥራት ቆረጠ፤ የመጀመሪያው ናሙና የተገጠመው በጂፕ ሻሲ ላይ ነው። ላንድሮቨር ሚያዝያ 30 ቀን 1948 አምስተርዳም ላይ ለሕዝብ ታየ። አሉሚኒየሙም ቢሆን ብልሃት ሆኖ አልመጣም፤ እንግሊዝ ውስጥ ብረት በራሽን በነበረበት ጊዜ የተገኘ ምትክ ነበር።

የጃፓኑ ነገር ደግሞ ከቃኘው ሻለቃ ጋር በአንድ ዓመት ይገናኛል። የኮሪያ ጦርነት ባስነሣው ፍላጎት ቶዮታ በ1951 ጂፕን የመሰለ ቢጄ የሚባል መኪና ሠርቶ በፉጂ ተራራ ላይ እስከ ስድስተኛው ማረፊያ ሽቅብ አስነዳው። መጀመሪያ ስሙ ቶዮታ ጂፕ ነበር፤ ዊሊስ ስሙ የኔ ነው ሲል በ1954 ላንድክሩዘር ተባለ። ኢትዮጵያውያኑ ኮሪያ ላይ በጂፕ ሲመላለሱ፣ ከባሕሩ ማዶ ኋላ አገራቸውን የሚሞላው መኪና እየተሠራ ነበር ማለት ነው። ሦስተኛው ልጅ የሶቪየቱ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ሶቪየት ኅብረት ከአሜሪካ 50 ሺህ ያህል ጂፕ ተቀብላለች፤ ጎርኪ ያለው ፋብሪካም የራሱን ጂፕ መሰል መኪኖች የጀመረው ባንታምን ዐይቶ ነው። ከዚያ ዘር በ1972 ኡሊያኖቭስክ ላይ ዋዝ 469 ወጣ።

ዋዝ ወደኛ የሚመጣበት ቀንም ቀርቦ ነበር። በ1977 መጀመሪያ አሜሪካ ወታደራዊ ዕርዳታዋን አቋረጠች፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ደርግ የቃኘው ጣቢያንና የወታደራዊ አማካሪዎቹን ቢሮ ዘጋ። ከዚያ ወዲያ በክፍለ ሀገር ቢሮዎች ደጅ የሚቆመው ዋዝ ሆነ። ርዕዮተ ዓለም ሲቀየር በመጀመሪያ የተቀየረው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ፎቶ ነው፤ ቀጥሎ መኪናው። ሸራ ጣሪያ፣ ጠንካራ ባሌስትራ፣ ማንኛውንም የከፋ ቤንዚን የማይጠላ ሞተር፤ ዋዝን ያማ ሰው ብዙ ነው፣ መንገድ ላይ ጥሎኝ ቀረ የሚለው ግን ከሚታማው ያነሰ ይመስለኛል። በ1984 ድርቁ ወላይታን ክፉኛ ሲመታ ደግሞ የዕርዳታ ድርጅቶች ነጫጭ ላንድክሩዘር ይዘው ገቡ። 70 ሲሪስ የሚባለው ላንድክሩዘር የወጣው በዚያው ዓመት ነው፤ በሎንግ ቤዙና በፒክአፑ እስከ ዛሬ አልወረደም።

እናት ድርጅቱ በዚህ ሁሉ ዘመን ምን ይሠራ ነበር? ከእጅ ወደ እጅ ይሻገር ነበር። ዊሊስን በ1953 ካይዘር ገዛው፤ በ1970 ለአሜሪካን ሞተርስ ተሸጠ፤ በ1987 ክራይስለር አሜሪካን ሞተርስን ሲገዛ በዋነኝነት የፈለገው ጂፕን ነበር። ከዚያ ጀርመኑ ዳይምለር፣ ኋላም ፊያት፣ ከ2021 ጀምሮ ስቴላንቲስ። ይህን ያህል ባለቤት የቀያየረ ስም በሕይወት መቆየቱ ይገርመኛል፤ ባለቤቶቹ አንድ በአንድ ሲያልቁ እሱ ቀረ። ነገር ግን እያንዳንዱ ባለቤት መኪናውን ከእርሻና ከጦር ሜዳ ወደ ከተማ ቤተሰብ ትንሽ ትንሽ ገፋው። በ1945 ለገበሬ ተብሎ የወጣው ሲጄ ማረሻ ይጎትት፣ መፍጫ ያንቀሳቅስ ነበር። የ1963 ሞዴሉ ዋጎኒር ምንጣፍ ነበረው። እኛ የምናውቀው የመጀመሪያውን ነው፤ ሁለተኛው ለኛ አልተሠራም።

የኛ አገር የግል ጂፕ ታሪክ በአመዛኙ የሚጀምረው አሜሪካኖቹ ከሄዱ በኋላ ነው። በሩ ሐራጅ ነው። መሥሪያ ቤት መኪናውን ከመዝገብ ይሰርዛል፣ ማስታወቂያ ይለጠፋል፣ የታሸገ ፖስታ ይገባል፤ አሸናፊው ከግቢው የሚያወጣው አብዛኛውን ጊዜ የማይነሣ ብረት ነው። ቀጥሎ መንገዱ አዲስ አበባ፣ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ነው። ሶማሌ ተራ የሌለ መለዋወጫ የለም ይባላል፤ የዊሊስ ቴስታታ ግን እዚያም በዕድል ነው። ስለዚህ ሁለት ዘዴ አለ። አንደኛው አንዱን ገድሎ ሌላውን ማዳን ነው፤ ሁለት የቆሙ ጂፖች ተፈትተው አንድ የሚሄድ ይወጣል። ሁለተኛው ልብ መቀየር ነው፤ የአሜሪካ ሻሲ ላይ የቶዮታ ወይም ሌላ የናፍጣ ሞተር ይሰቀላል፣ ቶርኖ ቤት ተኪዶ ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘው ብረት ይቀረጻል። ፍሪሲዮኑ ከአንዱ፣ ራዲያቶሩ ከሌላው ይመጣል። እንዲህ ያለውን መኪና የጂፕ ወዳጆች ዋናውን አበላሹት ይሉታል። እኔ አልስማማም። ዳገቱን ወጥቶ በቆሎ ጭኖ የሚመለስ መኪና ከቆመ ዋና ጂፕ ይሻላል፤ ባንታምስ ቢሆን ከሌሎች ፋብሪካዎች የመጣ ሞተርና ዲፈረንሻል አገጣጥሞ አይደል የጀመረው።

በገዛ ስሙ የአሜሪካ መኪና ይዞ እንጀራ የበላ ኢትዮጵያዊ ካስፈለገ ሩቅ መሄድ ግድ ነው፤ ዋሽንግተን ዲሲ። እዚያ ታክሲ የነዱ ወገኖቻችን ለዓመታት የሙጥኝ ያሉት የፎርዱን ክራውን ቪክቶሪያ ነበር። ሰፊ ነው፣ ሻሲው ራሱን የቻለ ነው፣ መለዋወጫው ርካሽ ነው። ብዙዎቹ ፖሊስ ተጠቅሞባቸው በጨረታ የወጡ መኪኖች መሆናቸው ያስቀኛል፤ ኢትዮጵያዊ የአሜሪካን መኪና አሜሪካ ሄዶም ቢሆን የሚያገኘው ከመንግሥት በሐራጅ ነው። ፎርድ ያን ሞዴል በ2011 አቆመው።

ወደ በዴሳ መንገድ ልመለስ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ሶዶ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ሆናለች፤ የመንግሥት ታርጋ የለጠፈ መኪና በየመንገዱ በዝቷል። ባለሥልጣኑን የያዘው ቪኤይት ላንድክሩዘር ነው፣ የመስክ ሠራተኛውን የያዘው ፒክአፕ ላንድክሩዘር። የጂፕ የልጅ ልጆች ናቸው፤ ዋናው ግን ከሠልፉ ወጥቷል። ከውጭ አሮጌ ጂፕ አስመጥቼ ልንዳ የሚልም ቢኖር መንገዱ ሁለት ጊዜ ተዘግቶበታል። የ2012 ዓ.ም. የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጫነ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ጨርሶ እንዳይገባ ከለከለ።

ስለዚህ የሚገዛው አገር ውስጥ ያለው ነው። ከሐራጅ የወጣ፣ ከሰው ወደ ሰው የዞረ፣ ሊብሬው የነተበ። ጂፕ ልግዛ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው የምለው አጭር ነው፤ መብራቱን ገልብጠህ ከማየትህ በፊት ኮፈኑን ክፈትና የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር አስተያይ። ሞተሩ ተቀይሮ ሊብሬው ላይ ካልተመዘገበ፣ ስም ሲዛወር የምትከርምበት ቢሮ ጂፑ ከከረመበት ጭቃ ይብሳል።